የማይጻፈውን ማንበብ

ነገሩን የጀመረው አንድ ሱቅ በር ላይ የተሰቀለ ባነር ነው። ከላይ አማርኛ፣ ከመሃል እንግሊዝኛ፣ ከታች አረብኛ። የአረብኛው ቃል «መርሐባ» መሆን ነበረበት፤ ፊደሎቹ ግን አንድ በአንድ ተለያይተው ከግራ ወደ ቀኝ ተደርድረዋል። አረብኛ የሚያነብ ሰው እንደ ልማዱ ከቀኝ ሲጀምር የሚያገኘው «አሊፍ፣ ባእ፣ ሐእ፣ ራእ፣ ሚም» ነው፤ ቃሉ ከጭራው ወደ ራሱ ማለት ነው። በዲዛይን ሥራ የታወቀ ብልሽት ነው። ፕሮግራሙ ከቀኝ ወደ ግራ ለሚጻፍ ቋንቋ ካልተስተካከለ፣ የተለጠፈለትን አረብኛ ይገነጣጥለዋል፣ አቅጣጫውንም ይገለብጠዋል።

የከነከነኝ ብልሽቱ አይደለም። ከዲዛይነሩ እስከ አታሚው፣ ከአታሚው እስከ ባለሱቁ የአንድም ሰው ዓይን አለመሰናከሉ ነው። አማርኛው እንዲያ ተገልብጦ ቢሆን መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ይስቅ ነበር። አረብኛውን ግን እንደ ጌጥ አይተን አለፍነው። በወሎ፣ በሐረርና በጅማ ስንት ትውልድ የተማረበት ጽሕፈት ነው። ወደ ሪያድ፣ ወደ ጅዳ፣ ወደ ዱባይ፣ ወደ ቤይሩት የሄደ ዘመድ የሌለውም ቤተሰብ ጥቂት ነው።

ለጉዞ የሚሰናዱት አንድ የጋራ መሣሪያ አላቸው፤ አረብኛ ቃላት በአማርኛ ፊደል የተገለበጡበት ደብተር። «ከይፍ ሃልክ፦ እንዴት ነህ። ሹክረን፦ አመሰግናለሁ።» ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ደብተሩ ለመጀመሪያው ሳምንት ያገለግልና ከዚያ በኋላ ዕዳ ይሆናል። ሦስት ዓይነት «ሀ» ያለውን ቋንቋ በአንድ «ሀ» ይጽፈዋል፤ ዓይንንም ከእውነተኛው ጽሑፍ ያርቀዋል። ሁለት ዓመት ሪያድ ኖረው አረብኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ፣ የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ያለችውን አንዲት ቃል ግን የማይለዩ ሰዎች የሚኖሩት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ፊደል ለቆጠረ ሰው አረብኛ ጽሕፈት ከሚፈራው በላይ ቅርብ ነው። ለመጀመርም ከሰላምታ የተሻለ ቦታ የለም፤ ለምን እንደሆነ ከታች እመጣበታለሁ። እዚህ ፊደሎቹን በስማቸው ስለምጠራቸው፣ የአረብኛ ፊደል ገበታ በስልክ ከፍቶ ከጎን ማስቀመጥ ይጠቅማል።

አጥንቱ መጀመሪያ፣ ነጥቡ በኋላ

ፊደሎቹ 28 ናቸው። ጀማሪን የሚያስደነግጠው «እያንዳንዱ አራት ቅርጽ አለው» የሚለው አባባል ነው፤ 28 በአራት ሲባዛ 112 መልክ ማጥናት ያለበት ይመስለዋል። ነገሩ ወዲህ ነው። አንድ ፊደል ቃል ሲጀምርና መሃል ሲገባ ጭራው ይቆረጣል፣ ራሱ ይቀራል፤ ቃል ሲጨርስ ወይም ብቻውን ሲቆም ጭራው ይመለሳል። እንደ ዐይን፣ ሃእ፣ ካፍና ያእ ያሉ ጥቂቶች ናቸው መልካቸውን አጥብቀው የሚቀይሩት። ሌላው ሁሉ አንድ አካል ነው፤ ጭራ ያለው ወይም የሌለው።

ቁጥሩ ከዚያም በላይ ያንሳል። ነጥቦቹን ብናራግፍ 28ቱ ፊደላት የሚቆሙት በ18 አጥንት ነው። ባእ፣ ታእ እና ሳእ አንድ ጎድጓዳ አካል ይጋራሉ፤ ባእ ከሥሩ አንድ ነጥብ፣ ታእ ከላዩ ሁለት፣ ሳእ ከላዩ ሦስት። ጂም፣ ሐእ እና ኻእም አንድ ናቸው፤ ጂም ነጥቡ ሆዱ ውስጥ፣ ኻእ ራሱ ላይ፣ ሐእ ምንም የለውም። ዳልና ዛል፣ ራእና ዛይ፣ ሲንና ሺን፣ ሷድና ዷድ፣ ጧእና ዟእ፣ ዐይንና ገይን ጥንድ ጥንድ ናቸው። ስለዚህ ገበታውን ከላይ እስከ ታች ከመሸምደድ ይልቅ አጥንቱን በቤተሰብ መጻፍ ያዋጣል። ቀን ላይ የባእን ቤተሰብ፣ ማታ የሐእን፤ ነጥቡ መጨረሻ ላይ።

በነገራችን ላይ ገበታው ላይ ያለው ቅደም ተከተል በቅርጽ የተሰበሰበ ነው። የጥንቱ ሌላ ነው፤ አብጀድ ይባላል፣ እስከ ዛሬም አንቀጽ ለመቁጠር ያገለግላል። አሊፍ፣ ባእ፣ ጂም፣ ዳል፣ ሃእ፣ ዋው፣ ዛይ። የኔታ ዘንድ አቡጊዳ የቆጠረ ሰው ይህን ጮክ ብሎ ይበለው፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ።

አሁን እጅ የሚያሳስተው ቦታ ላይ ደረስን። ስድስት ፊደላት ከቀኛቸው ይያያዛሉ፣ ወደ ግራቸው ግን እጃቸውን አይዘረጉም፤ አሊፍ፣ ዳል፣ ዛል፣ ራእ፣ ዛይ፣ ዋው። ከእነሱ በኋላ የሚመጣው ፊደል እንደ አዲስ ይጀምራል። «ዳውድ» የሚለውን ስም ጻፉ፦ ዳል፣ አሊፍ፣ ዋው፣ ዳል። አራቱም ከስድስቱ ወገን ስለሆኑ ተለያይተው ይቆማሉ። «ሙሐመድ»ን ጻፉ፦ ሚም፣ ሐእ፣ ሚም፣ ዳል፤ ብዕሩ ሳይነሣ ያልቃል። ሁለቱን ስሞች አንድ ገጽ ሙሉ እያፈራረቀ የጻፈ ሰው የመያያዝን ሕግ በቃል ማጥናት አያስፈልገውም። ያ ባነር የተበላሸ መሆኑንም እዚህ ላይ ነው መለየት የሚቻለው። ሚምና ራእ መነካካት አለባቸው፤ ከራእ በኋላ ክፍተት ይመጣል፤ ከዚያ ሐእ፣ ባእ እና አሊፍ አንድ ላይ ናቸው። ሁለት ክምችት፤ አምስት የተበተነ ፊደል ከታየ ስህተት ነው።

ስለ መስመሩም ጥቂት ልበል፤ የመማሪያ መጻሕፍት ቸል የሚሉት ነገር ነውና። ተራ ባለመስመር ደብተር ይበቃል፤ ግን ፊደሎቹ ሁሉ መስመሩ ላይ አይቀመጡም። ዳል መስመሩ ላይ ይቀመጣል፣ ራእ ከመስመሩ በታች ይወርዳል፤ ጀማሪ ሁለቱን የሚያምታታው ራእን መስመሩ ላይ እያስቀመጠ ነው። ዋውም ጭራው ይወርዳል፤ ጂም፣ ዐይን፣ ሷድና ኑን ጭራ ሲኖራቸው ከመስመሩ በታች ሆድ ያወጣሉ። አሊፍ ብቻውን ሲሆን ከላይ ወደ ታች ይሰመራል፤ ከቀኙ ፊደል ካለ ግን ከታች ወደ ላይ ይወጣል። የጧእ ቋሚ መስመር የሚሰመረው ዙሪያው ካለቀ በኋላ ነው። ነጥብ ደግሞ የተያያዘው ክምችት ሙሉ በሙሉ ሳይጻፍ አይደረግም፤ በየፊደሉ እየቆመ ነጥብ የሚያደርግ እጅ መቼም አይፈጥንም።

የጽሑፉ ልክ የሚለካውም በነጥብ ነው። በ940 ያረፈው የባግዳዱ ጸሐፊ ኢብን ሙቅላ ከብዕሩ ጫፍ የሚወጣውን ባለአራት ማዕዘን ነጥብ መለኪያ አድርጎ ፊደሎቹን መጥኗል። የአሊፍ ቁመት እንደ አጻጻፉ ዓይነት ከሦስት እስከ ሰባት ነጥብ ይሆናል። ሌላው ፊደል ከአሊፍ ጋር ይመዛዘናል። በእስክሪብቶ ለሚጽፍ ሰው ይህ የቁንጅና ጉዳይ ሊመስለው ይችላል፤ ግን ላም ከሲን ጥርስ እኩል ካጠረች ቃሉ ሌላ ይሆናል። ጥርስ አጭር፣ ላምና አሊፍ ረጅም፤ ይህችን ብቻ መጠበቅ በቂ ነው።

«አለ» እንዴት ይነበባል?

ሁሉም የሚያነሣው ጥያቄ ይኸው ነው፦ አናባቢው ካልተጻፈ ሰው እንዴት ያነባል? ለእኛ ጥያቄው ይከብዳል። ፊደላችን ከ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከዔዛና ዘመን ጀምሮ አናባቢውን በየፊደሉ አካል ላይ ቀጥሎ ያስነበበን ነው። «በ» እና «ቡ» ሲጻፉ ይለያሉ። አረብኛ ግን ካፍ፣ ታእ፣ ባእ ብቻ ጽፎ ይሄዳል፤ «ከተበ» (ጻፈ) ሊሆን ይችላል፣ «ኩቲበ» (ተጻፈ)፣ ወይም «ኩቱብ» (መጻሕፍት)።

ይህ ነገር ለረጅም ጊዜ የአረብኛ ጉድለት ይመስለኝ ነበር። አስተያየቴን የለወጠው ከአረብኛ የመጣ ነገር አይደለም፤ «አለ» የምትለው የራሳችን ቃል ናት። «እሱ አለ» ብዬ ብጽፍ ተናገረ ማለቴ ነው ወይስ ይገኛል? አንዱ ላልቶ፣ ሌላው ጠብቆ ይነበባል፤ በወረቀት ላይ ግን አንድ ናቸው። «ገና» በዓሉ ነው ወይስ «ገና አልደረሰም» እንደምንለው ነው? «ዋና» ውኃ ውስጥ ነው ወይስ ዋናው ነገር? ሳድሱም አለ። «ብርድ» ሲባል ብ ድምፅ ይዛ ትነበባለች፣ ር ግን ዝም ትላለች፤ ፊደሉ ይህን አይነግረንም። የአማርኛ ጋዜጣ ላይ ስለ ጥብቀት ምልክት አድርጎ የሚጽፍ የለም፤ ተቸግሮ የሚያነብም የለም።

ስለዚህ አማርኛ አንባቢ ዕድሜውን ሙሉ የማይጻፈውን ሲያነብ ኖሯል። አረብኛ አጭሩን አናባቢ ደበቀ፤ እኛ ጥብቀቱን ደበቅን። እንዲያውም እኛ ምልክት ያልሰጠነውን ጥብቀት እነሱ ሸዳ በምትባል ትንሽ ምልክት ያመለክቱታል፤ በተራ ጽሑፍ እሷም ብዙ ጊዜ ትተዋለች እንጂ። ይህን ካሰብኩ በኋላ «ያለ አናባቢ እንዴት ይነበባል» የሚለው ጥያቄ ቦታውን ለሌላ ለቀቀ፤ «ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ አለ ወይ?»። «አለ»ን በትክክል የምናነበው ቃሉን ከማየታችን በፊት ስለምንሰማው ነው። ጆሮ ያልቀደመው ዓይን አረብኛ ላይ ይወድቃል።

ቁርኣን ቤት ገብቶ ያደገ ሰው ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። ፈትሐ፣ ከስራ፣ ደማ፣ ሱኩን እያለ የአናባቢ ምልክት የተደረገበትን ጽሑፍ ያለ እንከን ያነባል። ጋዜጣ ሲሰጡት ይቆማል፤ ምልክቶቹ የሉማ። ምልክቶቹ አሁን ያላቸውን መልክ የያዙት በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኖረው በኸሊል ኢብን አሕመድ እጅ እንደሆነ ይነገራል፤ ዋና ቦታቸውም ቁርኣንና የልጆች መጽሐፍ ነው። ያ ሰው ፊደሉን አልረሳም። ቃሉን ሰምቶት ስለማያውቅ ነው ድምፁን መሙላት የሚያቅተው። ሪያድ ሁለት ዓመት የኖረችው ሠራተኛ ተቃራኒው ናት፤ ቃሉን ታውቀዋለች፣ ፊደሉን ግን አታውቀውም። የሁለቱን እውቀት አንድ ላይ ብናደርገው ሙሉ አንባቢ ይወጣዋል።

ከሰላምታ መጀመር ያዋጣል ያልኩትም ለዚህ ነው። «ሰላም»፣ «መርሐባ»፣ «ሹክረን» ከፊደሉ በፊት ጆሯችን ውስጥ ገብተዋል። ዓይን አጥንቱን ሲያይ ጆሮ ሥጋውን ያለብሰዋል።

ደግሞ ሁሉም አናባቢ አልተደበቀም። ረጅሞቹ ይጻፋሉ፤ ረጅም «ኣ» በአሊፍ፣ ረጅም «ኡ» በዋው፣ ረጅም «ኢ» በያእ። ፈትሐ፣ አጭሩ «አ»፣ ለጆሯችን እንደ ግዕዝ «ከ»፣ ረጅሙ እንደ ራብዕ «ካ» ይሰማል፤ ስለዚህ አውሮፓዊ በመከራ የሚለየውን እኛ ያለ ድካም እንለየዋለን። ካፍ፣ አሊፍ፣ ታእ፣ ባእ ካየን «ካቲብ» ነው፣ ጸሐፊ። አሊፉ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሄዶ ከታእ በኋላ ከቆመ «ኪታብ» ነው፣ መጽሐፍ። ሚም ከፊት ከመጣ «መክተብ»፣ ቢሮ፤ ዋው ከተጨመረ «መክቱብ»፣ የተጻፈ። ጸሐፊ፣ መጽሐፍ፣ ጽሑፍ፣ ጽሕፈት የሚል ሰው ይህን አሠራር ማንም አያስተምረውም።

አንድ ሰላምታ፣ 11 ፊደል

«አሰላሙ ዐለይኩም» ለመጀመሪያ ትምህርት ታስቦ የተሠራ ይመስላል። የመጀመሪያው ቃል አሊፍ፣ ላም፣ ሲን፣ ላም፣ አሊፍ፣ ሚም ነው። አሊፍ ወደ ግራ ስለማይያያዝ ብቻውን ይቆማል። ብዕር ይነሣል። ቀጥሎ ላም ከላይ ይወርድና ወደ ግራ ይዘረጋል፣ የሲን ጥርሶች ይከተላሉ፣ ሁለተኛው ላም ይወጣል፤ እሱም ላይ አሊፉ ተደግፎ ይቆማል። ላምና አሊፍ ሲገናኙ አንድ የተጣመረ ቅርጽ መሥራታቸው ግዴታ ነው፤ ሁለት ቀጥ ያሉ ጎን ለጎን ምሰሶዎች አድርጎ መጻፍ ነውር ነው። ጀማሪ የመጀመሪያውን ቃል ላይ የሚደናቀፈው እዚሁ ነው፤ ገበታው ላይ የሌለ ፊደል ያየ ይመስለዋል። ከአሊፉ በኋላ ሰንሰለቱ እንደገና ይቆረጣል፣ ሚም ለብቻው ይቆማል።

ሁለተኛው ቃል ዐይን፣ ላም፣ ያእ፣ ካፍ፣ ሚም ነው። ከስድስቱ እምቢተኞች አንድም ስለሌለበት አምስቱም በአንድ ጉዞ ያልቃሉ። ዐይን ቃል ሲጀምር ወደ ቀኝ አፉን የከፈተ ግማሽ ክብ ነው፤ መሃል ሲገባ አፉ ይዘጋና ጫፉ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ከፋእ ጋር የሚምታታውም ያኔ ነው። ፋእ ክብ ናት፣ ከላይዋ ነጥብ አለ። ሁለቱን ቃላት ጽፈን ስንጨርስ ወደ ኋላ ተመልሰን ነጥብ እንፈልግ፤ በ11 ፊደል ውስጥ ነጥብ ያለው ያእ ብቻ ነው፣ ከሥሩ ሁለት።

የሚጻፈውና የሚነበበው የሚለያዩበት አንድ ቦታም አለ። «አል» ተብሎ ተጽፎ «አስ» ይባላል፤ ላሙ ይዋጥና ሲኑ ይጠብቃል። ከ28ቱ ፊደላት 14ቱ፣ የፀሐይ ፊደላት የሚባሉት፣ ላሙን እንዲህ ይውጡታል። 14ቱ የጨረቃ ፊደላት አይውጡትም። ምላስ ከፊት ጥርስ አካባቢ የምትሠራባቸው ናቸው የሚውጡት፤ ታእ፣ ዳል፣ ራእ፣ ሲን፣ ሺን፣ ኑንና መሰሎቻቸው። ዝርዝሩን መሸምደድ አያስፈልግም፤ አፍ ራሱ ያቀልለዋል። በጽሑፍ ግን ላሙ መቼም አይቀርም።

የነጥብን ጉልበት ለማየት ደግሞ «በይት» (ቤት) እና «ቢንት» (ሴት ልጅ) የሚሉትን ሁለት ቃላት ጎን ለጎን መጻፍ ነው። አጥንታቸው ፍጹም አንድ ነው፤ ሁለት ጥርስና መጨረሻ ላይ የታእ ጎድጓዳ። የመሃሉ ጥርስ ከሥሩ ሁለት ነጥብ ካለው ቤት፣ ከላዩ አንድ ካለው ልጅት።

ጎሮሮ ላይ ያለው ሥራ

ደብተሩ በአንድ «ሀ» የሚጽፋቸው ሦስት ድምፆች አረብኛ ውስጥ ሦስት ቃላት ይሠራሉ። «ሓል» ሁኔታ ነው፤ «ኻል» የእናት ወንድም፤ «ሃል» ደግሞ የሶርያና የሊባኖስ ንግግር ሄልን የሚጠራበት ስም፣ ቡና ውስጥ የሚገባው ቅመም። «እንዴት ነህ» ሊል የፈለገ ሰው አጎትህ እንዴት ነው ብሎ ሊያርፍ ይችላል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ሰሚው ቢስቅም ይረዳል፣ ግን መድኃኒት ቤት ውስጥ ሁልጊዜ እንዲህ ቀላል አይሆንም።

እዚህ ላይ ፊደላችን ያልተነገረለት ውለታ አለው። አማርኛ ድምፁን ቢያጠፋውም ሐ፣ ኀ እና ሀን፣ ዐ እና አን ለይቶ አስቀምጧል። የግእዙን አጻጻፍ ጠብቀን ብንጽፍ ባሕር በሐ ነው፣ አረብኛውም በሐእ «በሕር» ይላል። እኅት በኀ ናት፣ አረብኛው በኻእ «ኡኽት»። ዐይን በዐ ነው፣ አረብኛውም «ዐይን»። «ትርፍ ፊደላት» እያልን ስንጨቃጨቅባቸው የኖርናቸው ፊደላት አረብኛ ለሚማር ሰው ካርታ ናቸው። ፍጹም ካርታ አይደሉም፤ ምዕራብ በዐ ሲጻፍ አረብኛው «ገርብ» በገይን ነው፣ ግእዝ ሁለቱን ድምፆች በዐ ጠቅልሏቸዋልና። ቢሆንም ደብተር የሚይዝ ሰው ቢያንስ ሐእን በሐ፣ ሃእን በሀ፣ ኻእን በኸ፣ ዐይንን በዐ ይጻፍ። ይህ ብቻ የደብተሩን ጉዳት በግማሽ ይቀንሳል። አረቦች ራሳቸው በላቲን ፊደል ሲጻጻፉ ሐእን በ7፣ ዐይንን በ3፣ ኻእን በ5 ቁጥር ነው የሚጽፉት፤ እኛ ቁጥር አያስፈልገንም።

አወጣጡስ? ኻእ ቀላል ናት፣ ከምላስ ሥር የሚፋቅ ድምፅ። ሐእ ከዚያ በታች፣ ጉሮሮን አጥብቦ ያለ ድምፅ ትንፋሽ መግፋት ነው። ዐይን እዚያው ቦታ በድምፅ ትወጣለች። ትግርኛ ተናጋሪ ይህን አንቀጽ ይዝለለው፤ ሁለቱም አፉ ላይ አሉ። ሷድና ጧእ ላይ ደግሞ ተቃራኒ ስህተት አለ። ጸ እና ጠ አሉን ብለን እንተማመንና እንደኛው እናፈነዳቸዋለን። የአረብኛው አይፈነዳም፤ የምላስ ኋላ ወደ ጉሮሮ ተስቦ፣ ወፍራም «ስ» እና ወፍራም «ት» ሆኖ ይወጣል። አጠገቡ ያለው አናባቢም ይወፍራል፣ ጆሮ የሚይዘው እሱን ነው። ቃፍ በመጽሐፍ ቋንቋ ወደ እኛ «ቀ» ይቀርባል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ንግግር ግን አብዛኛውን ጊዜ «ገ» ነው፣ «ቀልብ» ሲጻፍ «ገልብ» ይባላል።

የሚለማመዱት መልሱን ነው

አረብኛ ሰላምታ ጥንድ ነው። የአማርኛ ደብተሮች ሰላምታውን ጽፈው መልሱን ይተዉታል፤ አዲስ የገባ ሰው ግን ቀድሞ ከመናገር ይልቅ መልስ ሲጠየቅ ነው የሚውለው። «አሰላሙ ዐለይኩም» ላለ «ወዐለይኩሙ ሰላም» ነው፣ ቃላቱ ቦታ ይለዋወጣሉ። ቁርኣን (4፡86) ሰላምታ ለሰጠ ሰው በተሻለ ወይም በእኩያው መልሱ ስለሚል፣ «ወረሕመቱላህ ወበረካቱህ» ብሎ መጨመር የተወደደ ነው። «ሰባሐል ኸይር» (እንዴት አደሩ) ላለ «ሰባሐን ኑር»፤ ኸይር ደግ ነገር፣ ኑር ብርሃን፣ መልሱ ከጥያቄው አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። ማታ «መሳአል ኸይር»፣ «መሳአን ኑር»። «መርሐባ» ላለ ሊባኖስ ውስጥ «መርሐብቴን»፣ ሁለት መርሐባ፣ ይሉታል። «አህለን ወሰህለን» ላለ ወንድ «አህለን ቢክ»፣ ለሴት «አህለን ቢኪ»።

ሥራ ላይ ላለ ሰው «የዕጢክል ዓፍያ» ይባላል፣ እኛ «ይበርቱ» እንደምንለው፤ መልሱ «አላህ ይዓፊክ»። ይህች ጥንድ ከሹክረን በላይ ትጠቅማለች፤ ዘበኛ፣ ሹፌር፣ ባለሱቅ፣ ምግብ አብሳይ ሁሉ ይሰማታል። ለሚሄድ ሰው «መዐ ሰላማ» ይባላል፤ ቀሪው ነው ለሄያጁ የሚለው። ሄያጁ «አላህ ይሰልመክ» ብሎ ይመልሳል፣ ለሴት ከሆነ «ይሰልሚክ»።

«እንዴት ነህ» በየአገሩ ይለያያል። ባሕረ ሰላጤው «ኬፍ ሓለክ»፣ ኩዌትና ኢራቅ «ሽሎነክ»፣ ቤይሩት «ኪፈክ»፣ ካይሮ «ኢዘየክ»። ለሴት መጨረሻው ወደ «ኢክ» ይዞራል፤ ሓሊክ፣ ኪፊክ፣ ኢዘዪክ። ኩዌትና ኤምሬትስ ደግሞ «ሓሊች»፣ «ሽሎኒች» ይላሉ። የግእዙ «ኪ» አማርኛ ላይ «ሽ» እንደሆነው ሁሉ እነሱም ጋ ካፉ ለሴት ስትሆን ለስልሳለች። «ሓለክ» እና «ሓሊክ» ሲጻፉ ግን ፍጹም አንድ ናቸው፤ ሐእ፣ አሊፍ፣ ላም፣ ካፍ። የሚለያቸው አጭር አናባቢ ስለሆነ አይጻፍም። መልእክት የሚጽፍ ሰው ስለዚህ አይጨነቅ፣ የሚናገር ግን ይጠንቀቅ። መልሱ በሁሉም አገር «አልሐምዱ ሊላህ» ነው።

ሐበሻን የሚያስጨንቀው ሌላ ነገር አንቱታ ነው። ትልቅ ሰውን «ኢንተ» ማለት ይከብደናል። በተለመደው ንግግር እንደ «እርስዎ» የሚሆን ተውላጠ ስም የለም፤ «ዐለይኩም» ላይ ያለው ብዙ ቁጥር ለአንድ ሰውም ይሆናል፣ ከዚያ ውጭ አክብሮቱ ያለው በመጠሪያው ላይ ነው። ሽማግሌውን «ያ ዐሚ»፣ እናቲቱን «ያ ኻለ»፣ መካ ደርሶ የመጣውን «ሐጂ»፣ ልጅ ያለውን በበኩር ልጁ ስም «አቡ» ወይም «ኡሙ» እገሌ። ካይሮ ውስጥ «ሐድረተክ» የሚል የአክብሮት መጠሪያ አለ። መጠሪያውን ካስቀደሙ በኋላ «ኢንተ» ማለት ድፍረት አይደለም።

ስምና ቁጥር

ከሰላምታ ቀጥሎ መጻፍ ያለበት የራስ ስም ነው። «አልማዝ» አሊፍ፣ ላም፣ ሚም፣ አሊፍ፣ ዛይ ሆኖ ያለ ችግር ይገባል። ጨ፣ ቸ፣ ኘ፣ ፐ ያለበት ስም ግን ቦታ የለውም። ቸ ብዙ ጊዜ በታእና በሺን ጥምር ይጻፋል፣ ፐ በባእ። የወሎ ሊቃውንት አማርኛን በአረብኛ ፊደል ሲጽፉ ይህንኑ ችግር ተጨማሪ ነጥብና ምልክት በመስጠት ፈተውታል፤ የመንግሥት ቢሮ ኮምፒውተር ግን ያን አያውቅም። ብዙ ጊዜ ጸሐፊው ስሙን የሚወስደው ፓስፖርት ላይ ካለው የላቲን አጻጻፍ ስለሆነ፣ «አበበ» በሁለት ያእ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ነገሩ ቢያስቀይምም መኖሪያ ፈቃዱ ላይ ያለውን አጻጻፍ ፊደል በፊደል አጥንቶ ባንክም፣ ሐኪም ቤትም፣ ሲም ካርድ ላይም ያንኑ ማስጻፍ ነው። በአንድ ያእ የሚለያዩ ሁለት ስሞች በሰነድ ላይ ሁለት ሰዎች ናቸው።

ቁጥሮቹ ከፊደሎቹ በተቃራኒ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባሉ፤ 25 ሲጻፍ 2 በግራ ነው። ሞሮኮ፣ አልጄሪያና ቱኒዝያ እኛ በምንጠቀምበት አኃዝ ይጽፋሉ። ሳዑዲ፣ ኩዌት፣ ግብፅና ኢራቅ የራሳቸው አኃዝ አላቸው፣ የሚያሳስቱትም ጥቂቶቹ ናቸው። ዜሮ ነጥብ ብቻ ነው። ክቡ 5 ነው። የእኛን 7 የሚመስለው 6 ነው። አፉን ወደ ላይ የከፈተው ሹል 7፣ ወደ ታች የከፈተው 8። 4 የተገለበጠ 3 ይመስላል። 2 እና 3 በራሳቸው ላይ ባለው ጥርስ ይለያሉ፤ 3 አንድ ጥርስ ይበልጣል። ክብና ነጥብ አጠገብ ለአጠገብ ካያችሁ ዋጋው 50 ነው።

የእጅ ጽሑፍ ሲመጣ ደግሞ ነጥቦቹ እንደ መጽሐፍ አይጠበቁም። ሩቅዓ በሚባለው የዘወትር አጻጻፍ ሁለት ነጥብ አጭር ሰረዝ ይሆናል፣ ሦስቱ ነጥቦች ትንሽ ጣሪያ፣ የሲን ጥርሶች ደግሞ ተስተካክለው ልሙጥ መስመር። ግብፃውያን ቃል መጨረሻ ላይ የምትመጣውን ያእ ያለ ነጥብ ይጽፏታል። ከባለሱቅ የተጻፈች ወረቀት ስትደርሳችሁ ነጥብ ከመቁጠር ይልቅ ረጃጅሞቹን፣ ላምንና አሊፍን፣ አስቀድማችሁ ፈልጉ፤ ቃሉ የሚቆመው በእነሱ ነው።